ብቻውን የሚቆም ማን ነው?
በ«ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ» ጨዋታ ሙያዎችን በደረጃ ስለ መለየት የቀረበ አጭር ጥናት

ሀ. መነሻ

በተማሪዎች መኖሪያ ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ «ከሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ስለ እግር ኳስ ተጫዋችም፣ ስለ ዘፋኝም፣ ስለ ትምህርት ክፍልም ይህ ጥያቄ ይነሣል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሌሊቱ ይጋመሳል፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን አሳብ እንደ ያዘ ይተኛል። ለዚህ ምክንያቱ የተከራካሪዎቹ ዕውቀት ማነስ አይመስለንም። ችግሩ በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ አስቀድመው አለመስማማታቸው ነው።

እኛም የአንድ ክፍል ነዋሪዎች በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ዙሪያ ተሰብስበን ስለ አንድ ጨዋታ እንደዚሁ ስንከራከር ከረምን። ከክርክሩ ያተረፍነው ነገር ጨዋታውን ለማያውቅም ሰው የሚጠቅም ስለ መሰለን፣ ውድ አንባብያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ተነሥተናል።

ለ. ጨዋታው

«ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ» የሚባለው ጨዋታ በጃፓን አገር ስኩዌር በተባለው ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣ ነው። ሥራውን የመራው ያሱሚ ማትሱኖ ነበር። በ2007 በትንሿ የእጅ መጫወቻ፣ በ2025 ደግሞ ለአዳዲስ መሣሪያዎች ታድሶ ወጥቷል። እኛ የምንናገረው ስለ መጀመሪያው ቅጂ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ኢቫሊስ በምትባል በምናብ በተፈጠረች አገር ነው። ንጉሡ ሲሞት መንግሥቱን የሚሹ ሁለት ወገኖች፣ አንዱ በነጭ አንበሳ ሁለተኛው በጥቁር አንበሳ ምልክት ሥር ሆነው ይዋጋሉ። ቀይና ነጭ ጽጌረዳ አርማ ያደረጉት የእንግሊዝ መሳፍንት በ15ኛው ምዕተ ዓመት ያደረጉትን ጦርነት በታሪክ ክፍል የተማረ ሰው መመሳሰሉን ሳያስተውል አይቀርም። የታሪኩ ባለቤት ራምዛ የተባለ የመኳንንት ልጅ ነው።

የውጊያው አኳኋን የሰንጠረዥ ጨዋታ ይመስላል፤ ሜዳው በአደባባይ መስመሮች የተከፋፈለ ሆኖ ኮረብታና ሸለቆ፣ ጣራና ደረጃ አለበት። ነገር ግን እንደ ሰንጠረዥ አንዱ ወገን አንድ ጊዜ ሌላው ወገን አንድ ጊዜ እየተባለ አይሄድም። እያንዳንዱ ወታደር የራሱ ቆጣሪ አለው፤ በየቅጽበቱ ፍጥነቱ በቆጣሪው ላይ ይደመርና 100 ሲሞላ ተራው ይደርሳል። ፍጥነቱ 10 የሆነ ወታደር በ10 ቅጽበት ተራ ያገኛል፤ ፍጥነቱ 8 የሆነው 13 ቅጽበት ይጠብቃል፤ ፍጥነቱ 5 የሆነው ደግሞ 20። ስለዚህ ፈጣኑ ሁለት ጊዜ ሲመታ ዘገምተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሳል።

ሙያዎቹ 20 ናቸው። ስማቸውን ወደ ቋንቋችን ስንመልሰው እንዲህ ይሆናል፦ ጀማሪ፣ መድኃኒተኛ፣ ባላባት፣ ቀስተኛ፣ መነኩሴ፣ ሌባ፣ ጠንቋይ፣ ካህን፣ የጊዜ አስማተኛ፣ ጠሪ (ይኸውም መናፍስትን የሚጠራ)፣ ነቢይ፣ አደራዳሪ፣ የምድር ጠቢብ፣ ጦረኛ፣ ሳሙራይ፣ ኒንጃ፣ ሒሳበኛ፣ አዝማሪ፣ ተወዛዋዥና ቀጂ። በተለመደው አጨዋወት አንድ ወታደር ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የተማረውን አጣምሮ ይዋጋል፤ የአንዱም ጉድለት በሌላው ይሸፈናል።

ሐ. ቀንበሩ

ጨዋታውን ደጋግመው የጨረሱ ሰዎች በራሳቸው ላይ ቀንበር መጫን ልማዳቸው ነው። ከቀንበሮቹ ሁሉ የታወቀው ሠራዊቱን በሙሉ በአንድ ሙያ ብቻ ማሰለፍ ነው። እኛ የተስማማንበት ሕግ የሚከተለው ነበር፦

1ኛ. ራምዛን ጨምሮ የሚሰለፉት ሁሉ፣ እስከ አምስት ድረስ፣ አንድ ዓይነት ሙያ ይይዛሉ።
2ኛ. ከሌላ ሙያ የተማሩትን ችሎታ አይጠቀሙም። ወደ ሙያው ለመድረስ የግድ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ በሌላ ሙያ ያልፋሉ።
3ኛ. በታሪኩ ውስጥ የሚመጡ ስመ ጥር ጀግኖች አይሰለፉም፤ ጨዋታው ራሱ በእንግድነት የሚያስገባቸው ብቻ ይታለፋሉ።
4ኛ. ጉልበት ለማከማቸት ሲባል ብቻ በየሜዳው እየዞሩ መዋጋት ክልክል ነው።

በዚህ ሕግ ሦስት ሙያዎች ከጥናታችን ውጭ ሆነዋል። ተወዛዋዥነት ለሴቶች ብቻ የተፈቀደ ስለ ሆነ ወንዱ ራምዛ ሊይዘው አይችልም። ቀጂው የሚኖረው ባልንጀራው የሠራውን በመድገም ነው፤ የሚደገም የሌላ ሰው ሙያ ከሌለ ስለ እርሱ ብዙ የሚነገር የለም። የሦስተኛው የሒሳበኛው ነገር ግን ለብቻው የሚታይ ስለ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መ. የመጀመሪያው ስሕተታችን

ጥናቱን ስንጀምር የያዝነው መንገድ ቀላል ነበር። የየሙያውን መልካም ነገር በወረቀት ላይ ዘረዘርንና ቈጠርን። በዚህ ቈጠራ አንደኛ የወጣው ካህኑ ነበር። ካህኑ ቁስል ይፈውሳል፤ የወደቀ ያነሣል፤ በጋሻ መንፈስ ይከልላል፤ ደዌን ያርቃል፤ ሲያድግም «ቅዱስ» የተባለ ብርቱ የብርሃን ምት አለው። አምስት ካህናት ቢሰለፉ ማን ያሸንፋቸዋል አልን። በዕረፍት ሳምንታት መብራት በመጣ ቍጥር እየተፈራረቅን ተጫውተን እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ማለቂያ፣ እስከ ሪዮቫነስ ግንብ ድረስ አደረስናቸው።

የሪዮቫነስ ግንብ ሦስት ውጊያዎች ተከታትለው የሚፈጸሙበት ቦታ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ ጨዋታውን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ወደ ኋላ መመለስና ወደ ገበያ መውጣት ግን አይቻልም። የመጀመሪያውን ውጊያ በደጁ ላይ አሸንፈን፣ ደስ ብሎን፣ በነበረን አንድ ማስቀመጫ ላይ አስቀመጥን። በሁለተኛው ውጊያ ራምዛ ወደ ውስጥ ብቻውን ይገባል። በፊቱ የሚቆመው ዊግራፍ ነው። የዊግራፍ የሰይፍ ጥበብ ከሩቅ ይደርሳል፤ መጠባበቂያም የለውም፤ ተራው እንደ ደረሰ ይመታል። የካህኑ ፈውስ ግን ድግምቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ይፈልጋል። ራምዛ ሲደግም ዊግራፍ ይመታል፤ ራምዛ ሲድን ዊግራፍ ዳግመኛ ይመታል፤ ለማጥቃት የሚተርፍ ተራ አልተገኘም። ዊግራፍ ቢሸነፍ እንኳ ቬሊየስ ወደሚባል አውሬ ይለወጣል፤ ባልንጀሮቹ የሚደርሱለት ያን ጊዜ ነው።

ስንት ምሽት እንደ ሞከርን አንናገርም። ሕጋችንን ካላፈረስን በቀር የምንወጣበት በር አልነበረም፤ የዕረፍቱም ድካም እዚያው ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ያን ማታ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ «መልካም ነገሩን ቈጠርን እንጂ የጎደለውን አልጠየቅንም» አለ። ይህ ጥናት የተወለደው ከዚያ ቃል ነው።

ሠ. ሚዛኑ

ሠራዊቱ ልዩ ልዩ ሙያ ሲኖረው አንድ ሰው የሚለካው ከሁሉ በሚበልጥበት ነገር ነው፤ የቀረውን ባልንጀራው ይሞላለታል። ሁሉም አንድ ሙያ ሲሆኑ ግን የአንዱ ጉድለት የአምስቱም ጉድለት ነው። ስለዚህ ለየሙያው ሦስት ጥያቄ አቀረብን።

አንደኛ፣ ይጥላልን? ጠላትን ለመጣል በቂ ኃይል አለውን?
ሁለተኛ፣ ይቆያልን? በሰውነቱ ጥንካሬ፣ በፈውስ ወይም የወደቀን በማንሣት ሊሰነብት ይችላልን? የወደቀ ወታደር ሦስት ተራ ቈጥሮ ካልተነሣ ክሪስታል ወይም ሣጥን ሆኖ ለዘለዓለም እንደሚጠፋ፣ ራምዛም እንዲህ ከጠፋ ጨዋታው እንደሚያበቃ ልብ ይሏል።
ሦስተኛ፣ ይቀድማልን? ፍጥነት አለውን? ወይስ ድግምት እየጠበቀ ተራው ያልፍበታል?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ሰጠን። ነጥቡ የእኛ ፍርድ ነው፤ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ዋናው ነገር ነጥቦቹን ሳንደምር ማባዛታችን ነው። ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳ። ኒንጃ በመጣል 3፣ በመቆየት 1፣ በመቅደም 3 አለው፤ ሲደመር 7። ሳሙራይ 3፣ 2 እና 2 አለው፤ ይህም ሲደመር 7። በመደመር እኩል ናቸው። ሲባዙ ግን ኒንጃ 9፣ ሳሙራይ 12 ይሆናል። መደመር አንዱ ብልጫ ሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ይፈቅዳል፤ ማባዛት ግን ጉድለት ያለበትን ሁሉ በጉድለቱ ልክ ይቀጣል። በአንድ ሙያ ሠራዊት የሚደርሰውም ይኸው ነው።

ረ. ደረጃው

አንደኛ ደረጃ፦ መነኩሴ (18)፣ መድኃኒተኛ (18)፣ ሳሙራይ (12)።

መነኩሴው መሣሪያ አይዝም፤ ቆብም አያደርግም፤ ጡጫው ግን ከሰይፍ ይበልጣል። የምቱ መጠን የሚገኘው ጉልበቱ በድፍረቱ መቶኛ ተባዝቶ፣ የተገኘው እንደገና በጉልበቱ ሲባዛ ነው። ጉልበቱ 10፣ ድፍረቱ 70 የሆነ መነኩሴ 70 ይመታል። ከሩቅ የሚመታ የቡጢ ማዕበል አለው፤ በመስመር የሚሄድ የምድር ስንጥቅ አለው፤ ራሱንና አጠገቡ ያሉትን ይፈውሳል፤ ደዌ ያስወግዳል፤ ምንም እንኳ አንዳንድ ጊዜ ቢስት የወደቀ ያነሣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ ድግምት መጠበቅ ነው።

መድኃኒተኛው በተለመደው አጨዋወት የሚናቅ ሙያ ነው፤ ሰዎች ጥቂት ተምረውበት ይተዉታል። በእኛ ሕግ ግን ከፍ አለ። መድኃኒቱ ወዲያው ይሠራል፤ አይስትም። ሲመታ ራሱን በራሱ የሚያጠጣ መከላከያ አለው። ይህ መከላከያ ከርካሹ መድኃኒት ስለሚጀምር ርካሹን ሸጦ የተሻለውን ብቻ መያዝ ብልኅነት ነው። የጎግ ከተማ ከተደረሰ በኋላ ደግሞ ጠመንጃ ይይዛል። ተራ ጠመንጃ የያዘውን ሰው ጉልበት አይጠይቅም፤ የጠመንጃው ኃይል በራሱ ይባዛል፤ ኃይሉ 8 የሆነ 64 ይመታል። ራምዛ መድኃኒተኛ ሆኖ ከዊግራፍ ፊት ሲቆም እየጠጣ፣ እየራቀ፣ እየተኮሰ ይቆያል። መጥፎ ጎኑ ገንዘብ መጨረሱ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። በጨዋታው ውስጥ እምነት የሚባል ቍጥር አለ። አስማት የሚሠራው በአስማተኛው እምነትና በሚነካው ሰው እምነት ብዜት ነው። ሁለቱም 70 ቢሆኑ 49 ከመቶ ብቻ ይሠራል። አስማተኛ ብርቱ ለመሆን እምነቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ያን ጊዜ ግን የጠላትም አስማት በእርሱ ላይ ይበረታል። መነኩሴውና መድኃኒተኛው ከዚህ ወጥመድ ነፃ ናቸው።

ሳሙራዩ የጎራዴዎቹን መንፈስ ያወጣል፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ይፈውሳል፣ ሌላው ይከልላል፤ መጠበቅም ድግምትም የለበትም። የጎራዴው አንዳንድ ጊዜ መሰበርና የወደቀን ማንሣት አለመቻሉ ከሁለቱ በታች አድርጎታል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ኒንጃ (9)፣ የምድር ጠቢብ (8)፣ ባላባት (8)፣ ጦረኛ (8)።

ኒንጃ በሁለት እጁ ሁለት ጊዜ የሚመታ፣ በፍጥነትም የሚቀድመው የሌለ ነው፤ ሰውነቱ ግን ስስ ነው። የምድር ጠቢቡ የቆመበትን መሬት፣ ሣሩን፣ ድንጋዩን፣ ውኃውን መሣሪያ ያደርጋል። ባላባቱ የጠላትን ዕቃ ይሰብራል፤ ይህም ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው። ጋፍጋሪዮን የተባለው ጨለማ ሰይፈኛ ራምዛን በሊዮኔል ግንብ በር ሲጋጠመው ኃይሉ ሁሉ በሰይፉ ላይ ነው፤ ሰይፉ ከተሰበረ ጥበቡ ሁሉ ይቀራል። ጦረኛው ወደ ሰማይ ዘሎ እስኪወርድ ድረስ የሚደርስበት የለም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጠሪ (6)፣ ጀማሪ (4)፣ ቀስተኛ (4)፣ አደራዳሪ (4)።

ጠሪው የሚጠራቸው መናፍስት ሰፊ ቦታ ሲመቱ ወዳጅን አይነኩም፤ ነገር ግን እስኪመጡ ድረስ ብዙ ያስጠብቃሉ። የቀስተኛው ጥበብ ኃይልን ማጠራቀም ነው፤ ብዙ ባጠራቀመ ቍጥር ብዙ ይዘገያል፤ ሲተኩስም ጠላቱ ከስፍራው ሄዷል። አደራዳሪው ጠመንጃ ስላለው ብቻ ከውድቀት ድኗል። ከጥበቦቹ አንዱ የጨዋታውን መምህር የዳራቮንን አነጋገር እየቀዳ ጠላትን በንግግር ማስተኛት ነው። የዚህን ጥበብ ኃይል ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ የተማረ ሁሉ ስለሚያውቀው ማስረጃ አንጨምርም።

አራተኛ ደረጃ፦ ጠንቋይ (3)፣ ካህን (3)፣ ሌባ (3)፣ ነቢይ (2)፣ የጊዜ አስማተኛ (2)፣ አዝማሪ (1)።

ጠንቋዩ ኃይለኛ ነው፤ ግን ይዘገያል፣ ቶሎም ይወድቃል። ሌባው ፈጣን ነው፤ ግን የሰረቀው ዕቃ ጠላትን አይጥልም። ነቢዩ በጠላት ላይ መከራ ይልካል፤ ታላላቆቹ ጠላቶች ግን ለአብዛኛው መከራ አይበገሩም። የጊዜ አስማተኛው ለሌሎች ጊዜ የሚሰጥ ነው፤ ያንን ጊዜ የሚጠቀምበት ብርቱ ክንድ በሠራዊቱ ውስጥ የለም። አዝማሪው ዘፈኑ ወዳጆቹን ሁሉ ያበረታል፤ ነገር ግን ሁሉም አዝማሪ ከሆኑ የሚዘፈንለት ጀግና ማን ነው?

ሰ. ተቃውሞዎች

ከመካከላችን አንዱ ይህን ደረጃ እስከ ዛሬ አልተቀበለም። «የሞተ ጠላት አይመታም፤ ኒንጃ ፈውስ የማያስፈልገው አስቀድሞ ስለሚጨርስ ነው» ይላል። ማስረጃውም የሪዮቫነስ ሦስተኛው ውጊያ ነው። በጣራው ላይ ራፋ የምትባል ልጅ ከኤልምዶርና ከሁለት ገዳዮች መዳን አለባት፤ እርስዋ ደግሞ የእኛን ትእዛዝ አትሰማም። ዘገምተኛ ሠራዊት የመጀመሪያ ተራው ሳይደርስ ልጅቱ ወድቃ ውጊያው ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ጣራ ላይ ከሦስቱ ጥያቄዎች ዋጋ ያለው ሦስተኛው ነው፤ በዚያም ኒንጃ አንደኛ መሆኑን አንክድም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጀማሪው ነው። ተራው ጀማሪ ደካማ ነው፤ የራምዛ ጀማሪነት ግን ከሌሎቹ ይለያል። ፍጥነትን በአንድ የሚጨምር ጩኸት አለው፤ በራሱም ላይ ሊጮኽ ይችላል። ከዊግራፍ እየራቀ፣ እየደጋገመ ቢጮኽ ጠላቱ አንድ ተራ ሲያገኝ እርሱ ብዙ ያገኛል። አምስት ዓይነት በጎነት ያለው ካህን ያላለፈውን በር፣ ከሁሉ በታች የተባለው ጀማሪ ያልፈዋል።

ሦስተኛው ያቈየነው የሒሳበኛው ነገር ነው። ሒሳበኛው ፍጥነቱ ከሁሉ የዘገየ ነው፤ ነገር ግን «ቁመቱ በ5 የሚካፈል»፣ «ደረጃው በ3 የሚካፈል» እያለ በሜዳው ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ ያለ መጠበቅና ያለ ድካም፣ በአስማት ይመታል። አስማቱን ግን የሚማረው ከሌሎች ሙያዎች ነው። ሁለተኛው ሕጋችን በጥብቅ ከተያዘ ሒሳበኛው ቀመር ያለው፣ በቀመሩ የሚያስገባው ግን የሌለው ሰው ነው፤ ከሁሉ በታች ይሆናል። ሕጉ ጥቂት ከላላ ከሁሉ በላይ ይወጣል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ነጥብ አልሰጠነውም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ምንድን ነው? ደረጃ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ጥያቄው «ብቻውን የሚቆም ማን ነው?» ከሆነ መነኩሴና መድኃኒተኛ ይቀድማሉ፤ «ቀድሞ የሚደርስ ማን ነው?» ከሆነ ኒንጃ ይቀድማል፤ «ሌላውን የሚያበረታ ማን ነው?» ቢባል አዝማሪው ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ በወጣ ነበር። ቀንበራችን ለአዝማሪው ክፉ ሕግ ነበር፤ ከባልንጀራ ጋር የተፈጠረውን ሰው ያለ ባልንጀራ መዝነነዋል።

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሆንን ይህ ነገር ከጨዋታው አልፎ ነክቶናል። በየግቢው የትምህርት ክፍል ምደባ በተለጠፈ ማግሥት፣ እገሌ «ጥሩ» ደረሰው፣ እገሌ «ወደቀበት» ሲባል እንሰማለን። የሚናገሩት ሰዎች በምን ሚዛን እንደ መዘኑ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ደረጃ ማውጣትን አንቃወምም፤ እኛም ራሳችን አሥራ ሰባት ሙያ ደርድረን አሳይተናል። የምንለምነው ደረጃ የሚያወጣ ሁሉ ሕጉን አስቀድሞ እንዲያነብልን፣ እኛም የተሰጠን ደረጃ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ሳንጠይቅ እንዳንቀበል ነው።

ካህናታችን እስከ ዛሬ በሪዮቫነስ ግንብ ውስጥ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ማስቀመጫውን አላጠፋነውም። ነጥባችንን የሚነቅፍ፣ ወይም ካህን ሆኖ ዊግራፍን ያለፈ አንባቢ ቢኖር ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም በደስታ እናወጣለታለን።